ስድስቱን ኪሎ ማን በላው?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኛዎቹ እንደተለመደው የፍቅር ናቸው። «ተከዳሁ»፣ «ተረሳሁ»፣ «እደውላለሁ ብሎኝ ቀረ» … እነሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆዩን። የዛሬው ደብዳቤ የበርበሬ ነው። አትሳቁ! በርበሬው ውስጥ አምስት ጓደኛሞች አሉበት፣ አንድ ሠርግ አለበት፣ «ሌባ» ለማለት ትንሽ የቀረው ንግግርም አለበት። ስም ሳንጠራ አሳጥረን እናቅርበው።

«… አምስት ሴት ጓደኛሞች ነን። አንድ ሰፈር አድገን፣ አንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ አሁን ሁላችንም አዲስ አበባ ሥራ ይዘናል። አንዷ ለጥር ሠርግ ቀን ቆርጣለች። የአባቴ አገር በቡታጅራ በኩል ስለሆነ በየዓመቱ ለመስቀል እሄዳለሁ። ዘንድሮ ‹እንሴኖ ገበያ በርበሬ ከገበሬው እጅ ይገዛል፣ ተዋጥተን ለምን አንገዛም?› አልኳቸውና እኩል አዋጣን። መስቀል ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ወጥቼ ሁለት ፈረሱላ፣ ማለትም 34 ኪሎ ዛላ በርበሬ ገዛሁ። እንዴት ያለ ቀይ መሰላችሁ! መኪና እስካገኝ ሁለት ቀን አክስቴ ቤት በማዳበሪያ ታስሮ ተቀመጠ። አዲስ አበባ መጥቶ ሲሰጣና ሲደርቅ ብንመዝነው 28 ኪሎ ብቻ ሆነ። ከዚያም ውስጥ 3 ኪሎ የሚሆነው ሻግቷል። ሙሽራዋ ጓደኛችን ስልክ ደውላ ‹ስድስቱን ኪሎ ማን በላው? ኮሚሽን ይዘሽ ከሆነ በግልጽ ንገሪን› አለችኝ። እንባዬ ነው የመጣው። እናቴ ደግሞ ‹የሻገተውን እጠቢው፣ አድርቂውና ቀላቅለሽ አስፈጪው፤ ቅመም ከገባበት በኋላ ማን ያውቀዋል? ቢያንስ 28ቱን ታስረክቢያለሽ› ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? ግራ የገባኝ እህታችሁ።»

እህቴ፣ ግራ የገባሽ ሁለት ነገር ስለተደባለቀብሽ ነው። አንደኛው የጤና ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የሒሳብ። ጓደኝነቱ የተበላሸው በሁለተኛው ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን የመጀመሪያው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ሻጋታውን አታስፈጪው! እናትሽን እንዳትቆጪያቸው፤ በርበሬ እንደ ወርቅ የሚቆጠርበት ቤት ያደገ ሰው 3 ኪሎ መጣል ይከብደዋል፣ የማንኛችንም እናት ብትሆን እንዲሁ ትል ነበር። ግን በርበሬ ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታሉ። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ፣ ውሎ አድሮም የጉበት ካንሰር የሚያመጣ ነው። ብታጥቢው የሚሄደው ላዩ ላይ ያለው ግራጫ ዱቄት ነው፤ ወደ ውስጥ የገባው አይታጠብም። ወጥ ላይ ቢንተከተክም ሙቀቱ አያጠፋውም። ነገሩ የፈረንጅ ወሬ እንዳይመስልሽ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአዲስ አበባ ከተሰበሰበ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙና ውስጥ ይህንኑ መርዝ አግኝቷል። ሽታም ጣዕምም የለውም። «ማን ያውቀዋል?» ያሉት እናትሽ ልክ ናቸው፣ ማንም አያውቀውም። ችግሩም ይኸው ነው! ጓደኛሽ በሠርጓ ማግሥት ለአማቷ በምትሠራው ዶሮ ወጥ ውስጥ ሆኖ አንቺ ብቻ እያወቅሽው ልትኖሪ ነው።

3 ኪሎውን ጣይው። «ለዶሮ ልስጠው»፣ «ለላም ይሁን» እንዳይባል፤ መርዙ ዶሮንም ያማል፣ በላሟ በኩልም ወደ ወተት ይሄዳል። የቀረውን 25 ኪሎም ዝም ብለሽ አትመኚው። ከአንድ ማዳበሪያ የወጣ ነውና ስትቀነጥሱት ዛላውን ከፈት እያደረጋችሁ እዩ። ውስጡ ያመደ፣ ፍሬው የጠቆረ፣ የጓዳ ርጥበት የሚሸት ከሆነ ወደ መጣያው!

አሁን ወደ ስድስቱ ኪሎ። ሙሽሪት፣ አንቺም ይህን ዓምድ ካነበብሽ ስሚ፦ ስድስቱን ኪሎ የበላው ፀሐይ ነው! የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት መጀመሪያ በርበሬ ገና ከማሳ የወጣ ነው። ላዩ ደርቆ ቢያብረቀርቅም ውስጡ ውሃ አለው። ከ34 ኪሎው ሩቡ ውሃ ነበር እንበል። 8.5 ኪሎ ውሃ፣ 25.5 ኪሎ ደረቅ ነገር መሆኑ ነው። በደንብ የደረቀ የሚባለውም በርበሬ አሥር በመቶ ገደማ ውሃ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ 25.5 ኪሎው ከዚያች ትንሽ ውሃ ጋር ሲመዘን 28 ኪሎ ከምናምን ይመጣል። ደብዳቤሽ ላይ ያለው ቁጥር ማለት ነው! ኮሚሽንም የለ፣ ሌባም የለ። አምስታችሁም ገንዘብ አዋጥታችሁ 6 ኪሎ ውሃ በበርበሬ ዋጋ ገዝታችኋል፤ በቃ።

(ይህን ስጽፍ እየሳቅሁ ነው፤ በራሴ ደርሷልና። በወጣትነቴ አገር አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። አንድ የገበያ ቀን ከአንድ ነጋዴ አንድ ጆንያ በርበሬ ገዛሁ፤ ላዩን አየሁ፣ «ግሩም!» አልኩ፣ ከፈልኩ፣ አሸከምኩ። ምንም ሳላሰጣ ወፍጮ ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለወፍጮው እጁን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኑ ከተተና አውጥቶ አየኝ። «ይሄ ሊፈጭ ነው ወይስ ሊጨመቅ ነው የመጣው?» አለኝ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።)

ጓደኞችሽን እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? በስልክ አይሆንም። በስልክ ሒሳብ ስታስረጂ ሰው የሚሰማው ድምፅሽን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። አንድ እሑድ ቤትሽ ጥሪያቸው፣ ቡና አፍዪ፣ በርበሬውን መሐል ላይ አድርጊው፣ ሚዛን ተዋሺ። የሻገተውን 3 ኪሎ ሳትጥዪው በፊት ለይተሽ በላስቲክ አስረሽ አሳያቸው። እናትሽ ያሉትን ግን አታንሺው፤ የቤት ጉዳይ ነው።

ከዚያ የራስሽን ጥፋት ራስሽ ተናገሪ። አዎ፣ ጥፋት አለብሽ! ውሃ የያዘ በርበሬ ሁለት ቀን ሙሉ በማዳበሪያ ታስሮ ሲቀመጥ ይታፈናል፣ ይሞቃል፣ ይሻግታል። አላወቅሽም፤ ቢሆንም ማዳበሪያው በእጅሽ ነበር። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ውሃው የሁላችሁም ኪሳራ ነው፣ ሻጋታው ያንቺ። 28 ኪሎው ለአምስት ሲካፈል 5.6 ኪሎ ይደርሳል። አራቱ 5.6፣ 5.6 ኪሎአቸውን ይውሰዱ፤ ላንቺ የሚቀርሽ 2.6 ኪሎ ነው። ይህን አንቺው ቀድመሽ አቅርቢ። የማውቃቸው የጓደኛ ዓይነቶች ከሆኑ «እረ ተይ!» ይሉና ለሁሉም 5፣ 5 ኪሎ ይደርሳል። ካላሉም 2.6 ኪሎሽን ይዘሽ ዕዳ የሌለብሽ ሰው ሆነሽ ትገቢያለሽ። ሙሽራዋ «ኮሚሽን» ስላለችው ነገር በዚያ ቀን ይቅርታ እንድትጠይቅሽ አትጠብቂ። የሠርግ ወጪ የያዘው ሰው ሁሉ ሌባ ነው የሚመስለው። እያንዳንዷ ድርሻዋን ስትቀነጥስና ስታስፈጭ ደግሞ ኪሎው ዳግም እንደሚቀንስ ያኔውኑ ንገሪያቸው፤ አለበለዚያ በኅዳር ሌላ ደብዳቤ ልትጽፊልን ነው!

እንግዲህ የእህታችን ጉዳይ ይህ ነው። ግን እንዲህ ዓይነት ሸመታ የሚያምራችሁ ብዙ ናችሁና (መቼም በዚህ ኑሮ ውድነት ማን አያምረውም?) ስለ ገበያው ትንሽ እንጫወት።

እንሴኖ ከቡታጅራ ወረድ ብላ፣ ወደ ማረቆዋ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የመስቃን ከተማ ናት። ድሮ ጉራጌ ዞን ይባል የነበረው ተከፍሎ አሁን ምሥራቅ ጉራጌ ዞን በሚባለው ውስጥ ነው። ከበላይዋ የዘቢዳር ተራራ አለ፤ ከበታችዋ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። ገበያው የሚጥመውም በዚህ ነው፤ ደጋው ድንቹን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ቆጮውን ይዞ ይወርዳል፣ ቆላ ቀመሱ በቆሎውንና በርበሬውን ይዞ ይወጣል። መስቃኑ፣ ማረቆው፣ ስልጤው ይገናኝበታል። የማረቆ በርበሬ ስሙ የገነነ ነው። «ማረቆ ፋና» የሚባለው ዝርያ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ዛላው ዘለግና ወፈር ያለ ሲሆን፣ ለወጥ ብቻ ሳይሆን ቀለሙ እየተጨመቀ ለምግብ ማቅለሚያ ውጭ አገር ለመላክም ይፈለጋል። (በርበሬ ራሱ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ነው! ከኮሎምበስ በፊት አያቶቻችን ወጡን በምን ያቀሉት እንደነበር እግዜር ይወቅ።)

ከመሄዳችሁ በፊት ግን የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ጠይቁ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ እንሴኖና አካባቢዋ በመስቃንና በማረቆ ወገኖች መካከል በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ከዚያም በኋላ ያገረሸባቸው ጊዜያት ነበሩ። ገበያ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ሁሉ አይተው ነው ጎን ለጎን ቁጭ ብለው የሚሸጡት። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሄዳችሁ «አንተ የማን ወገን ነህ?» እያላችሁ አትጠይቁ። «አሰላሙ አለይኩም» ሲሏችሁ «ወአለይኩም ሰላም» ብሎ መመለስ፣ ትልልቆቹን «አባባ»፣ «እናቴ» ማለት ይበቃል። ሰላምታ ሳይቀድም «ስንት ነው?» ማለት እዚያ አገር ነውር ነው፤ ዋጋም ያስጨምራል!

መቼ ልሂድ? ካላችሁኝ፣ አትቸኩሉ። የመስቀል ናፍቆትና የበርበሬ ሸመታ አብረው አይሄዱም። በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ የሚያምረው ቃሪያው፣ እሸት በቆሎው፣ ድንቹ ነው፤ እነሱን እንደ ልብ ግዙ። ለዓመት የሚሆን ዛላ በርበሬ ግን ኅዳር ሲታጠን ካለፈ በኋላ፣ ታኅሣሥንም ጨምሮ ቢሆን ይመረጣል። ያኔ ዝናቡም ጠፍቷል፣ ፀሐዩም ሠርቶበታል። «ያኔማ ይወደዳል» የሚል አይጠፋም። ሊወደድም ይችላል። ዋጋውን ግን ስታወዳድሩ ውሃውን ቀንሱ፤ ስድስት ኪሎ ውሃ የጨመረ ርካሽ በርበሬ ርካሽ አይደለም። ዋጋውን እዚህ የማልጽፈው ጋዜጣው እጃችሁ እስኪገባ ስለሚለወጥ ነው።

ማዳበሪያው ፊት ስትቆሙ ላዩን አትዩ። ላዩ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው፤ ለፎቶ የተዘጋጀ ነው። እጃችሁን እስከ መሐሉ አስገቡ። ቀዝቀዝ፣ ለስለስ ካለና እጃችሁ ላይ ርጥበት ከተወ አልደረቀም፣ ወይም ማታ ውሃ ተረጭቶበታል። ከመሐል አንድ ዛላ አውጥታችሁ ጆሮአችሁ ጋ አንቀጥቅጡት፤ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ይንኳኳል። እጠፉት፤ እንደ ቆዳ እጥፍ ብሎ ከተመለሰ ውሃ አለው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ገና ስትነኩት የሚፈረፈርና ቀለሙ ወደ ቡኒ የሄደ ከሆነ ደግሞ ያምና ነው። ነጭ ነጭ የለበሰ ዛላ ከበዛበት ተዉት። ሸራ ካለ «እስቲ ይገልበጥልኝ» በሉ፤ ድንጋይና አፈር ከታች ነው የሚተኛው። ገልብጦ ለማሳየት እምቢ ያለ ሻጭ ብዙ ነገር ነግሯችኋል።

ገበያ ውስጥ ገበሬውም አለ፣ ሰብሳቢ ነጋዴውም አለ፣ ደላላውም አለ። መናኸሪያው ላይ ገና ከመኪና ሳትወርዱ «የእኔ እህት፣ በርበሬ ነው?» ብሎ ሻንጣችሁን የሚቀበለው ደላላው ነው። ደላላ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ሚዛንም አይሱዙም የሚያውቀው እሱ ነው። ግን ድርሻው የሚከፈለው ከእናንተ ኪስ መሆኑን አትርሱ። ገበሬውን የምታውቁት ብዙ ጊዜ በዕቃው ማነስ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ከረጢት ይዞ ነው የሚቆመው። ከእሱ ስትገዙ ተከራከሩ እንጂ አታራቁቱት። ያ ሰው ችግኝ አፍልቶ፣ በክረምቱ ጭቃ ውስጥ ተክሎ፣ አርሞ፣ በሽታ ያስቀረለትን ነው ያመጣው። በዚህ ወቅት ሁሉም ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል፣ እሱም የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ዋጋ ይሰብራል። እናንተ አሥር ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን ስትከራከሩበት፣ ማታ ላይ ያንኑ አሥር ብር ለቡና «መልሱን ተወው» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም አደርገዋለሁ፤ አያምርም።

ሚዛኑስ? ዕቃ ከመጫኑ በፊት ባዶውን ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ከረጢቱም ይመዘንና ይቀነስ። ከዚህም ሌላ አንዲት ዘዴ አለችኝ። ያልተከፈተ ባለ 2 ሊትር ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ሊትር ውሃ ሁለት ኪሎ ነው፤ ፕላስቲኩ ከቁጥር አይገባም። «ውዬ ደክሞኛል፣ እስቲ እዚህ ላስቀምጠው» ብላችሁ ሚዛኑ ላይ ጣል ስታደርጉት ሚዛኑ ራሱ ይናገራል። ሻጩን መስደብም፣ ፖሊስ መጥራትም አያስፈልግም። 2 ኪሎውን 2.4 ካለ «ሌላ ሚዛን የለም እናቴ?» ብሎ በትሕትና ዞር ማለት ነው።

ከተገዛ በኋላ የእህታችን ስህተት እንዳይደገም። በላስቲክ ከረጢት አይታሰር፤ ጆንያ ይሻላል፣ አየር ያስገባል። መኪና ላይ ከሆነ ዝናብ እንዳይነካው፣ ሲደርስ ደግሞ በዚያው ዕለት ይዘርገፍ። ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን ሰሌን ወይም ሸራ ላይ አስጡት፤ ማታ ጤዛ ሳይወርድ አስገቡት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰገነቱ ላይ ስታሰጡ ጎረቤት ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ አራተኛ ፎቅ የተሰጣ በርበሬ ነፋስ ሲያገኘው ሦስተኛ ፎቅን ሙሉ ነው የሚያስነጥሰው። አንዲት የማውቃት ልጅ በዚህ ምክንያት ከጎረቤቷ ጋር ስትጣላ፣ በኋላ ግን ግማሽ ኪሎ ድልህ ልካላት ታርቀዋል።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱም ራሳችሁ ቁሙ። የተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተቀላቅሎ ተገኘ የሚለውን ዜና በየጊዜው ሰምታችኋል። ዛላውን ራሱ አይቶ፣ ቀንጥሶ፣ ወረፋ ጠብቆ ያስፈጨ ሰው ቢያንስ ከዚህ ሥጋት ነፃ ነው። ይህን ሁሉ ጣጣ የምንገባበትም ለዚህ አይደል?

ግራ የገባሽ እህታችን፣ እሑድ ቡናው እንዴት እንደዋለ ጻፊልን። የተቀረችሁት ደግሞ በኅዳር ስትወርዱ፣ መንገድ ላይ ቢጠማችሁ ሌላ ውሃ ግዙ። ያቺ ባለ 2 ሊትሯ ሚዛን ናት፣ እንዳትጠጧት!